ከአውሎ ነፋስ ያመለጡ መጻሕፍት

ከጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ውስጥ እኔ በምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት የውሃ ቧንቧ የፈነዳው ሰኞ ጠዋት ነው። ምልክቱን ግን ያየሁት አርብ ነበር። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት ወጥታለች። በጣቴ ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ናት። "ሰኞ ለቧንቧ ሠራተኛው እደውላለሁ" አልኩና መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ሰኞ በሩን ስከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር።

የሕንፃው ኮንሲዬርዥ ነኝ። ደረጃ እጠርጋለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ የጠፋ ቁልፍ እፈልጋለሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ መሀል እገባለሁ። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ አናጺ ነበርኩ፤ ጣሪያ ነበር ሥራዬ። ጄኔቭ ውስጥ ግን ጣሪያ የሚሠራው ፈቃድ ያለው፣ ወረቀት ያለው፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ስለሆነ እኔ ከጣሪያው በታች ያለውን ሁሉ ተረከብኩ።

እያንዳንዱ ተከራይ ምድር ቤት ውስጥ ካቭ የሚሏት የዕቃ ማስቀመጫ አለችው። የተሰበረ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ፣ ልጅ ያደገበት አልጋ፣ የሟች አክስት መስታወት፣ ሰው ሊጥለው ያልጨከነበት ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል። ውሃውን ከዋናው ዘጋሁና ተከራዮቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። አብዛኞቹ ወርደው አዩ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ግን ቢጫ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ረጅም ናቸው፤ በካቩ በር ሲገቡ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው።

"ሙሴ፣" አሉኝ፣ "የኔ ካርቶኖች ከላይ ናቸው ከታች?"

"ከታች ናቸው፣ ማዳም።"

በልጅነቴ ሰፈራችን ሰዓት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አርመን ነበሩ። ሁሉም ሙሴ ስለሚላቸው ስማቸው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በፈረንሳይኛ 'አቶ' ማለት ነው። ዛሬ ሕንፃው በሙሉ እኔን ሙሴ ይለኛል፤ አሁንም ቢሆን ማን ተጠራ ብዬ ወደኋላዬ የምዞርበት ቀን አለ።

አራት ካርቶን ነበር። የመጀመሪያውን ሳነሳው ታቹ ተቀደደና መጻሕፍቱ እግሬ ሥር ውሃው ውስጥ ወደቁ። አንዱን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ ነፋስ ያጎበጠው የዘንባባ ዛፍ አለ። ሌላው ላይ ጣሪያ የሌለው ቤት። ሌላው ላይ መንገድ መሀል የቆመች ጀልባ። ማዳም አንዱን ተቀበሉኝና እንደ ልብስ ጨመቁት። ከገጾቹ መሀል ውሃ ተንጠባጠበ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። ሳቃቸው ምድር ቤቱን ሞላው።

"ሁሉም ስለ አንድ ነገር ናቸው" አሉኝ። "ስለ አውሎ ነፋስ። ከውቅያኖስ ማዕበል ተርፈው እዚህ ድረስ መጥተው ስዊስ ምድር ቤት ውስጥ ይስመጡ?"

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የአርቡ እርጥበት ዓይኔ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ የወደቁትን ለቀምኩ።

ያን ቀን ካርቶኖቹን ከካቩ እየተሸከምን ስናወጣ ታሪኩን ነገሩኝ። ማዳም የካሪቢያን ደሴት ሰው ናቸው። እዚያ የአንድ መንደር ፖስታ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። ሃሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ የመታቸው ዕለት የፖስታ ቤቱ ጣሪያ፣ የቤታቸው ጣሪያ፣ የጎረቤቶቻቸው ጣሪያ ሁሉ ሄደ። መንደሩ እስኪሠራ ድረስ ስድስት ዓመት እዚያው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ልጃቸው ወደ ስዊስ ያመጣቸው። ልጃቸው በሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እሳቸው ላንሲ ቀሩ። በእነዚህ ዓመታት ከደሴቲቱም ከጎረቤት ደሴቶችም ከአውሎ ነፋስ የተረፉ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰብስበዋል። ሃያ ሦስት መጽሐፍ።

"ምን ያደርጉልዎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ያየሁትን ነገር መልሼ ማንበብ እኔ አልወድም።"

"ማዕበሉንማ እዘለዋለሁ" አሉ። "እኔ የምወደው ከማግስቱ ጀምሮ ያለውን ነው። መጀመሪያ መጥረጊያ ያነሳው ማነው? ቡና ያፈላው በምንድን ነው? እሱ እሱ ደስ ይለኛል።"

መጻሕፍቱን የት እናድርቃቸው የሚለው ጥያቄ ሆነ። ምድር ቤት ውስጥ ከካቮቹ ርቆ ውሃው ያልደረሰበት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለን። ገመድ አለ፣ ሞቃት አየር የሚነፋ ማሽንም አለ። ችግሩ የተራ ወረቀቱ ነው። በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቀንና ሰዓት አለው። ስዊስ ውስጥ በሰው ተራ ልብስ ማጠብ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ሰኞ ደግሞ የሁለተኛ ፎቁ ጡረተኛ የትራም ሾፌር ተራ ነበር። ትራም ሲነዱ አንድ ደቂቃ ዘግይተው አያውቁም ይባላል፤ ለልብሳቸውም እንዲሁ ናቸው።

እኔና ማዳም መጻሕፍቱን ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለን፣ የተገነጠሉትን ገጾች አንድ በአንድ እያንጠለጠልን ሳለን ሰውየው ቅርጫታቸውን አቅፈው ገቡ። ቆመው አዩን።

"ዛሬ የማን ቀን ነው?" አሉ።

"የእርስዎ ነው፣ ሙሴ" አልኩ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ከማዕበል የተረፉ ናቸው" አሉ ማዳም፣ መቆንጠጫ በከንፈራቸው እንደያዙ።

ሾፌሩ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ። አፍንጫቸው ፊት የተንጠለጠለውን ገጽ ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ሴት ከሃሪኬኑ በኋላ ለአርባ ሰው ሾርባ የቀቀለችው በመኪና ቸርኬ ውስጥ ነው ይላል። አንብበው ጨረሱና ወዲያ ወዲህ ተመለከቱ።

"ቀጣዩ ገጽ የት አለ?"

"ካልሲ ከሚሰጣበት ገመድ ጫፍ ላይ" አልኳቸው።

ሄደው አነበቡት። ከዚያ ሦስተኛውን ፈለጉ። ልብሳቸውን ያጠቡት በሳምንቱ ነው።

አራት ቀን ሙሉ መጻሕፍቱ ተሰቅለው ቆዩ። ሥራዬን ስጨርስ እየወረድኩ ገጽ እገለብጥ ነበር፤ አንዱ ፊት ሲደርቅ ሌላውን ወደ ማሽኑ ማዞር አለብህ። ፈረንሳይኛ እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን ከማስታወቂያና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አልፌ አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ለኔ አማርኛ ነው። ግን ሰው እጁ ላይ እርጥብ ገጽ ይዞ ቆሞ ምን ያደርጋል? አነበብኩ። በዚያ ሳምንት በዓመታት ውስጥ ካነበብኩት ፈረንሳይኛ የበለጠ አነበብኩ።

ከመጻሕፍቱ አንዱ የምግብ አሠራር ነበር፤ ዱቄት ሲያልቅ፣ ጋዝ ሲያልቅ፣ ጨው ብቻ ሲቀር ምን እንደሚበሰል ያስተምራል። አንዱ የመንደር ቄስ የጻፉት ነው፤ ነፋሱ የወሰደውን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሁለት ወር ሲፈልጉት ቆይተው የዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ አገኙት። አንዱ የልጆች ነው፤ ፍየል ጣሪያ ላይ ቁጭ ብላ ጎርፉ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ልቤን የወሰደው ግን አናጺዎች የጻፉት ነበር። ከማዕበሉ በኋላ ጣሪያ እንዴት እንደሚታሰር በሥዕል ያሳያል። ጣሪያውን የሚሸከመው ካፕሬያታ ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰራል፣ ቆርቆሮው የሚመታበት ሞራሌ ከካፕሬያታው ጋር፣ ቆርቆሮው ከሞራሌው ጋር፤ ከላይ እስከ መሠረቱ አንድ ገመድ እንደሆነ አድርገው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የመታሁት የቆርቆሮ ሚስማር ሁሉ ትዝ አለኝ። ቆሜ ሳሰላው ማዳም መጡ።

"ይሄ ሥዕል ስህተት አለበት" አልኳቸው። "የጣሪያው ጠርዝ እንዲህ አጭር ከሆነ ዝናቡ ግድግዳውን ያበላሸዋል።"

"ረጅም ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ይነቅለዋል" አሉ።

"ዝናብስ?"

"ዝናብ ግድግዳ ያበላሻል። ነፋስ ቤት ይወስዳል። አንተ የቱን ትመርጣለህ?"

በኋላ ቤት ገብቼ ሳስበው ነው እርስዎ ማለት ትተው አንተ እንዳሉኝ ያስተዋልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ነኝ።

በአምስተኛው ቀን መጻሕፍቱን ከገመዱ አወረድን። ሃያ ሁለቱ ተርፈዋል፤ አብጠዋል፣ ተጣመዋል፣ ግን ይነበባሉ። አንዱ ብቻ አልተረፈም። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ቀጭን መጽሐፍ ነው። የኋለኛው ክፍሉ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆኗል። በቢላ ጫፍ ልለየው ስሞክር ፊደሉ እጄ ላይ ቀረ።

ማዳም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ይሄን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር" አሉ።

"ስንት ጊዜ ያነበቧቸው አሉ እኮ፤ ይሄን ለምን ተዉት?"

"ፈርቼ።"

መጽሐፉን የጻፈችው የመንደራቸው ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበረች፤ የማዳም የልጅነት ጓደኛ። ከማዕበሉ በኋላ ትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር እንኳ አልቀረለትም። በማዳም ቤት ግን የእናታቸው የማሆጋኒ እንጨት ጠረጴዛ ተርፎ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው የሚበላበት። አንድ ጠዋት ዲሬክተሯ የመንደሩን ሰው አስከትላ ደጃፋቸው ቆመች። ጠረጴዛውን ለልጆቹ እንዲሰጡ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀቻቸው።

"እምቢ አልኩ" አሉኝ ማዳም። "እምቢ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። 'ልጆችሽ መሬት ላይ ይጻፉ፤ እናቴ ይሄን ጠረጴዛ ለቀለም ነጠብጣብ አልተወችልኝም' አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማኝ።"

"ከዚያስ?"

"በሦስተኛው ቀን በአራት ሰው አሸክሜ ላክሁት። ግን ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገት ማንቀሳቀስ ብቻ። እኔ ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ መጽሐፉን አሳተመች። ልጄ ገዝቶ አመጣልኝ። እያነበብኩ መጨረሻው ምዕራፍ ደረስኩ። ርዕሱን ሳይ ዘጋሁት።"

"ርዕሱ ምን ይላል?"

"'ጠረጴዛው'።"

ዲሬክተሯ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታለች። መጽሐፉ የታተመው እዚያው ደሴቲቱ ላይ ነው፤ ጥቂት ቅጂ ነበር፣ አልቋል። ማዳም የተጣበቀውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ስንት ዓመት እጄ ላይ ነበር" አሉ። "አሁን ማንበብ ስፈልግ ይኸው።"

በማግስቱ ወደ ሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ከሕሊናዬ ጋር ያለኝን ጉዳይ ለቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ አልነገርኳትም፤ የመጽሐፉን ስም ብቻ ሰጠኋት። ኮምፒውተሯን ብዙ አገላበጠች። በፈረንሳይኛ የትም የለም። ስልችት ብሏት ልታቆም ስትል "አንድ አለ" አለች። "ግን በጀርመንኛ ነው። ተተርጉሞ ነበር። ዙሪክ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ አንድ ቅጂ አለው።"

ዙሪክ አቅራቢያ ዲቲኮን እህቴ ትኖራለች። የእህቴ ልጅ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የጠፋ ሻንጣ የሚፈለግበት ክፍል ትሠራለች። ደወልኩላት።

"አጎቴ፣ እኔ መጽሐፍ አላነብም" አለችኝ። "ሻንጣ ላይ ያለ ወረቀት ነው የማነበው።"

"ፈልጊልኝ ብቻ።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"እንጃ። የፈረንሳይኛው ሰማያዊ ነው።"

"ትልቅ ነው? ትንሽ?"

"ትንሽ።"

"እሺ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው የት ነው?"

የሥራዋ ልማድ ሆኖባት ነው። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ሱቁ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የት እንዳስቀመጠው አያውቅም ነበር፤ አንድ ሰዓት ፈልጋ ስለ ጀልባ ጉዞ ከሚያወሩ መጻሕፍት መሀል አገኘችው። "ሰማያዊ አይደለም፣ ቢጫ ነው" አለችኝ፣ በኩራት። ሻንጣ ለባለቤቱ የመለሰች ያህል ነበር።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ማዳም ጀርመንኛ አይችሉም። እኔም አልችልም። የእህቴ ልጅ ፈረንሳይኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ዳቦ ለመግዛት ያህል ብቻ። እኔና እሷን የሚያገናኘን አማርኛ ነው፤ የሷ አማርኛ ደግሞ የወጥ ቤትና የስልክ አማርኛ ነው። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጥን፤ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። የእህቴ ልጅ ከዲቲኮን ጀርመንኛውን እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በፈረንሳይኛ ለማዳም እነግራለሁ።

"አልዞ፣" ብላ ጀመረች፤ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሁሉ ወሬ ሲጀምር እንዲያ ይላል። "ነፋሱ መጣ። የትምህርት ቤቱ... ምንድን ነው የሚባለው፣ አጎቴ? የቤቱ ኮፍያ ሄደ።"

"ጣሪያ" አልኳት።

"እ፣ ጣሪያ። ጣሪያው ሄደ። ወንበሩም ሄደ። ልጆቹ... ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።"

"ምን አለች?" አሉ ማዳም።

"የትምህርት ቤቱ ኮፍያ ሄደ አለች" አልኩ። ማዳም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ፍርሃታቸውም አብሮ ትንሽ ለቀቀ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ገጽ ሄድን። ማዳም በየዓረፍተ ነገሩ ያርሙናል፤ የድልድዩ ቦታ እዚያ አይደለም፣ ያቺ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት እንጂ እህቱ አይደለችም። በሁለተኛው ቅዳሜ ደጃፋቸው ላይ የቆመው ሕዝብ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ማንበቧን አቆመች።

"ምነው?" አልኳት።

"እዚህ አንዲት ሴት ትሰድባለች" አለች በዝግታ። "ለአሮጊቷ ልንገራት?"

"አሮጊቷ ናት የተናገረችው። ንገሪያት።"

የተናገሩት ቃል በቃል ተጽፎ ነበር። ልጆችሽ መሬት ላይ ይጻፉ የሚለው፣ ስለ ቀለም ነጠብጣብ የሚለውም። በሦስት ቋንቋ ዞሮ ተመልሶ የማዳም ወጥ ቤት ገባ። ማዳም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን አዩ። "ይቀጥል" አሉ።

የእህቴ ልጅ ቀጠለች። አሁን ድምጿ ተለወጠ፤ ሻንጣ የጠፋበት ሰው ስታነጋግር እንዲህ ሳትሆን አትቀርም።

"አልዞ... ዲሬክተሯ ናት የምትለው። 'ሃያ ሰው ይዤ የሄድኩት እምቢ እንዳትለኝ ነው። ብቻዬን በጓሮ በር ብሄድ ወዲያው ትሰጠኝ ነበር። ይሄን አውቅ ነበር። ግን ሰው እንዲያየኝ ፈለግኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።' አጎቴ፣ ከዚያ... 'ይቅርታ ልላት ስንት ጊዜ እስከ ፖስታ ቤቱ ሄጄ ተመለስኩ' ትላለች።"

በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው።

ማዳም "ድገመው" አሉ። ደገምኩት።

"በጓሮ በር" አሉ ቀስ ብለው። "አዎ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሁልጊዜ በጓሮ በር ነበር የምትመጣው።" ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን የተዝናና ነበር። "እኔ ባንኮኒው ላይ ሆኜ በመስታወቱ አያት ነበር" አሉ። "ቴምብር ልትገዛ መጥታ ሰልፉ በዝቶባት የምትመለስ ይመስለኝ ነበር እኮ!"

ስልኩ ውስጥ የእህቴ ልጅ ታለቅሳለች። ሥራ ልትገባ ነውና ዘጋች።

እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ የኔን ልደብቅ አልቻልኩም።

"ማዳም፣ እርጥበቱን አርብ አይቼው ነበር" አልኩ። "ሰኞ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። መጻሕፍትዎን ያራስኳቸው እኔ ነኝ።"

ተመለከቱኝ። "አርብ ስንት ሰዓት ላይ?"

"ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ግድም።"

"ጄኔቭ ውስጥ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳ ቧንቧ ሠራተኛ አግኝተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"በል ኬኩን ብላ" አሉኝ። የኮኮናት ኬክ ነው፤ ለቅዳሜ ቅዳሜ ይጋግሩታል። እየቆረሱልኝ ደግሞ "ቢሆንም ሌላ ጊዜ ደውል" አሉ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ምዕራፉን ጨረስን። ጠረጴዛው ላይ ልጆች ጻፉ፣ ነርሶች ቁስል አሰሩ፣ የአዲሱ ጣሪያ ፕላን ተሠራ፣ አንዲት ሕፃንም ተወለደች። ትምህርት ቤቱ ወንበር ሲያገኝ ዲሬክተሯ ጠረጴዛውን ራሷ አጥባ መለሰችው። አንድ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ በሎሚም በሳሙናም ብታሸው አልለቅ አላት።

"ሆን ብላ የተወችው ነበር የሚመስለኝ!" ብለው ማዳም እጃቸውን አጨበጨቡ። "ስንት ዓመት በዚያ ነጠብጣብ ተናድጃለሁ!"

መጽሐፉን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። በጸደይ አንድ እሑድ ይዣቸው ወደ ዙሪክ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የባቡር መንገድ ነው። ኬኩን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ ጣሪያ ሲያዩ ሄዱ፤ "ይሄ ይቆማል፣ ያ ይሄዳል" እያሉ ይፈርዳሉ። ስዊስ ውስጥ በሳቸው መመዘኛ ብዙ ጣሪያ ይሄዳል፤ ጠርዙ ረጅም ነውና።

ዲቲኮን ጣቢያ እህቴና ልጇ ጠበቁን። እህቴ ከማዳም ጋር የሚያግባባት አንድም ቋንቋ የለም። ሦስት ጊዜ ጉንጭ መሳም ግን በእኛም አገር በስዊስም ልማድ ስለሆነ በዚያ ተጀመረ። ቤት ስንደርስ ማዳም የእህቴን ሽሮ በሁለት እጅ ጠቅልለው በሉ፤ እህቴም ኬኩን "ከምን ነው የተሠራው?" እያለች ሦስት ቁራጭ አነሳች።

ከምሳ በኋላ የእህቴ ልጅ መጽሐፉን አመጣች። ማዳም አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ መለሱላት።

"በጀርመንኛ አንብቢልኝ በላት" አሉኝ።

"አይገባዎትም እኮ።"

"የሆነውን አውቄዋለሁ። ድምፁን ልስማ።"

ልጅቱ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበበችላቸው። ማዳም ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ጠረጴዛ በጀርመንኛ ቲሽ መሆኑን ወዲያው ያዙና ቃሉ በመጣ ቁጥር ጣታቸውን ያነሱ ጀመር። ቲሽ! እህቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። አንድ ቦታ ላይ ግን ልጅቱ ቆመችና ወደኔ ዞረች።

"አጎቴ፣ ያኔ 'እንጨት' ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ይሄ እንጨቱን ነው የሚለው። ስዊስ ጫካ ውስጥ ያለው ዛፍ... ኦክ።"

ነገርኳቸው።

"ኦክ?" ማዳም ከወንበራቸው ተነሡ። "በእኛ ደሴት ኦክ ከየት መጥቶ! ማሆጋኒ ነው! እሷ ኦክ አትልም፤ እሷ እኮ እያየችው ያደገችው ጠረጴዛ ነው!"

"ተርጓሚው ይሆናል" አልኩ። "ማሆጋኒ አይቶ የማያውቅ ሰው።"

"እርሳስ ስጪኝ" አሉ ለልጅቱ፤ በእጃቸው ምልክት ስላሳዩ መተርጎም አላስፈለገም። ኦክ የተባለበትን ስድስት ቦታ እያስፈለጉ ሰረዙት፤ ከጎኑ በትልልቁ ማሆጋኒ ብለው ጻፉ። የእህቴ ልጅ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ እያየች "አሁን ሱቁ ውስጥ ከነበረው የተሻለ ሆነ" አለች።

ሲሄዱ መጽሐፉን ልትሰጣቸው ፈለገች። አልወስድም አሉ፤ የማይነበብ መጽሐፍ ካቭ ውስጥ ይገባል አሉ። "አንቺ ያዢው። ሌሎቹን ምዕራፎች አንብቢ፤ ማሆጋኒ የሌለባቸውን።" አነበበቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስትደውልልኝ መጽሐፉ ውስጥ ስላሉት ቄስ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ወሬ እንደ ጎረቤት ወሬ ትጠይቀኛለች።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ማዳም ባዶውን የኬክ ዕቃ በጨርቅ ጠቀለሉ። ከዚያ ድንገት "ሃያ ሰው አልነበረም" አሉ። "ሠላሳ ይሆናል። ደግሞም የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ዝናቡን አልጻፈችውም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት" አልኩ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

ይኸው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያን እንሠራለን። ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የኔን ፈረንሳይኛ ፊደል ጡረተኛው ሾፌር ያርሙታል፤ ልክ በአራት ሰዓት ተኩል መነጽራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሥራው ቀላል አይደለም። ማዳም አንድ ቃል ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። ዘጠኝ ገጽ ጽፈናል፤ እስካሁን የተጻፈው ስለ ፖስታ ቤቱ ሚዛን፣ ውጭ አገር ካሉ ልጆች ስለሚመጣው ጥቅል፣ ደብዳቤ ማንበብ ስለማትችልና በየሳምንቱ እየመጣች ስለምታስነብባቸው አንዲት እናት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ማዳም፣ አውሎ ነፋሱ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳቸው።

"ይጠብቅ" አሉ። "መጀመሪያ ሰዉ መንደሩን ይየው።"

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። ማዳም የጡረታ ክፍያ ቀን ሰልፉ ከባንኮኒው ተነሥቶ በየትኛው ዛፍ ሥር ዞሮ እስከ ዓሣ ገበያው ይደርስ እንደነበር ይነግሩኝ ጀመር፤ እኔም ጻፍኩ።